ሙሽሪት አንገቷን የደፋች ዕለት

እኔ ወሬኛ ነኝ። ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው። የቀድሞ ባሌ «ያንቺ ምላስ ከስፌት መኪናሽ ይፈጥናል» ይለኝ ነበር፤ ለፍቺ ሽማግሌ ፊት ስንቀመጥም ዋናው ክሱ ይኸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ፣ የምለውን ብዬ ሳልጨርስ ዙሁር ደረሰና ለሶላት ተነሡ። ከዚያ በኋላ ስፌት መኪናዬን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ አባቴ ቤት ወረድኩ።

አባቴ ሰይድ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከባድ መኪና የደሴን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። እኔ ስመጣ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶባቸው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩ ቀላል መስሎኝ «እጅዎን ይስጡኝ፣ መስጊድ ላድርስዎት» አልኳቸው። እጃቸውን መንጭቀው ወሰዱ። «ጣርማበርን በጉም ስወጣ ማን እጄን ይዞኝ ነበር?» አሉ። በማግስቱ ክንዳቸውን ብይዝ ከዘራቸውን አነሡብኝ። እኔም ዝም የምል አይደለሁ፣ እሳቸውም የሚሸነፉ አይደሉ፤ ቤታችን በየጠዋቱ ጦርነት ሆነ። ጁምዓ እንኳ ቀርቶባቸው ከዚያች ክፍል ሳይወጡ ይውሉ ጀመር። ምግብ አስጠላቸው፤ ሰውነታቸው አለቀ።

ከዚህ ጦርነት ያወጣችን ዳክዬ ናት። አትሳቁ።

የአባቴ የድሮ ረዳት ከባቱ ሲመለስ «ለጨዋታ ይሁንዎት» ብሎ ወንድና ሴት ዳክዬ በካርቶን ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ወንዱን ባጃጅ ገጨው፤ ሴቷ ቀረች። እየተወዛወዘች ቀስ ብላ ስለምትራመድ ሙሽሪት አልናት። ጠዋት የግቢው በር ሲከፈት ከመስጊዱ አጠገብ ወደሚያልፈው የመስኖ ቦይ ትወርዳለች፤ መንገዱን ሙሉ ቋቅ ቋቅ ስትል ነው የምትሄደው። አፏ እንደኔ አያርፍም።

አንድ ቀን ጠዋት ቀና ስል አባቴ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሙሽሪት እየጮኸች ወጣች። ከኋላዋ ወጡ። እኔ የያዝኩትን ጨርቅ መኪናው ላይ ትቼ፣ ጫማዬን አውልቄ በእግር ጣቴ ተከተልኳቸው። ድምጿን እየሰሙ፣ ስትታጠፍ እየታጠፉ፣ ስትቆም እየቆሙ መስጊዱ ደጃፍ ደረሱ። ከሶላት ሲወጡ «ሙሽሪት!» ብለው ተጣሩ፤ ኪሳቸው ውስጥ የያዙትን የማሾ ፍሬ ፍለጋ ከቦዩ ወጥታ መጣች፤ ይዛቸው ተመለሰች። ቤት ሲገቡ አላስቻለኝም።

«የልጅዎን እጅ እምቢ ብለው ዳክዬ ይምራዎት?» አልኳቸው።

«ሹፌር ጉም ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«እንጃ።»

«አይጎተትም። የፊተኛውን መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ያልፋል። መሪው ግን በገዛ እጁ ነው። አንቺ ትጎትቺኛለሽ፤ እሷ ከፊት ትሄዳለች።»

ሰፈሩ «ሰይድ ዳክዬ ተከራየ» እያለ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ምግብ መብላት ጀመሩ። ከወዳጆቻቸው ጋር ማንጎ ጥላ ስር ተቀምጠው ማምሸት ጀመሩ። እኔም ከዚያ ወዲያ ስለ እጅ አላነሣሁም።

እንግዲህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው ፋሲካ ሲቃረብ ነው። የእኛ አገር የሚያዝያ ሙቀት የሚታወቅ ነው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ባሰ። በዚያ ላይ የመስኖ ውሃው ለቦይ ጠረጋ ተዘግቶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ቆዩ። ምንም ድምፅ የለም።

«ዘይኑ፣ ሙሽሪት የት አለች?»

ወደ ጓሮ ዞርኩ። ፓፓያው ስር ተኝታለች። አንገቷ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ባነሣው ተመልሶ ወደቀ። እግሯ አይንቀሳቀስም። ዓይኗ ግን ክፍት ነው፤ ያየኛል።

«ዘይኑ?» አሉ አባቴ።

እኔ፣ ወሬኛዋ፣ የምለው ጠፋኝ። አፌን የከፈተልኝ ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ናቸው። ለፋሲካ የሚሸጧቸውን ዶሮዎች ውሃ ሊያጠጡ ወጥተው ኖሮ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አይተዋል።

«ዘይነባ፣ አትንኪያት። ይቺ ነገር ፈንግል ናት።»

«በምን አወቁ?»

«አንገቷን አታይም እንዴ? አምና ለገና ያሳደግኳቸው እንዲህ ሆነው አይደል ያለቁት? አንዷ ጀመረች፣ ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ባዶ ሆነ። አሁንም ያለኝ እነዚህ ብቻ ናቸው። ዛሬውኑ ገድላችሁ ቅበሯት።»

ጋሼ ታደሰ ክፉ ሰው አይደሉም። አባቴ ዓይናቸው የጠፋ ሰሞን ሆስፒታል ይዘዋቸው የተመላለሱት እሳቸው ናቸው።  ያምና ዶሮዎቻቸው ሲያልቁ እኔም አይቻለሁ።

ወደ ቤት ስገባ አባቴ የሽንኩርት መክተፊያው ያለበትን መደርደሪያ በእጃቸው ይዳስሳሉ።

«ቢላውን አምጪ» አሉ።

 ቀድሜያቸው ቢላውን አነሣሁና ስፌት መኪናዬ ስር ከተትኩት።

«አላገኘሁትም።»

«ከመደርደሪያው ሲነሣ ሰምቻለሁ። ዓይኔ ነው የጠፋው፣ ጆሮዬ አይደለም። ሳትበክት ልባርካት፤ አምጪ።»

እኛ ዘንድ የታመመ ከብት ነፍሱ ሳትወጣ በቢስሚላህ ይባረካል። ሳይባረክ ከሞተ በክት ነው፤ አይበላም፤ ባለቤቱም ቢላ ሳይደርስለት ቀረ ተብሎ ይወቀሳል። አባቴ በዚህ አይደራደሩም።

«አባዬ፣ ሐኪም ሳያያት?»

«ለዳክዬ ሐኪም?»

«እሷ ከሞተች ነገ ከቤት ይወጣሉ?»

 እጃቸው መደርደሪያው ላይ ቀረ። መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሌላ ዳክዬ ቢገዛ መንገዱን እስኪለምድ፣ እሳቸውም እስኪለምዱት እዚያች አልጋ ጫፍ ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ። አንዴ ከተቀመጡ ደግሞ የሚያስነሣቸው የለም። ቅድም ከፓፓያው ስር አፌን የዘጋኝ ይኸው ነበር።

«ሂጂ» አሉ በመጨረሻ። «ቢላውን ግን ስትመለሺ ትሰጪኛለሽ።»

ሙሽሪትን ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስተኝቼ፣ ነጠላ አልብሼ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ሰርቆ አየኝ፤ የታመመ ሕፃን መስሎት ኖሮ መንቁሯን ሲያይ መሪው ሊያመልጠው ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

የእንስሳት ክሊኒኩ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የሙሽሪትን አንገት አነሣች፣ ለቀቀች። ዓይኗን ከፍታ አየች። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ዳክዬ አክሜ አላውቅም» አለችኝ። ይህን በማለቷ አመንኳት። አብራት የተማረች ጓደኛዋ ጋ ደውላ ብዙ ተነጋገሩ። ስልኩን ስትዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል ግን አንገት ያጠማዝዛል፤ የዚህች አልተጠማዘዘም፣ ዛለ። የበሰበሰ ሥጋ ላይ የሚፈጠር መርዝ አለ። ከሱ ላይ ትል የለቀመች ዳክዬ እንዲህ አንገቷን መሸከም ያቅታታል። ትናንት የት ዋለች?»

«ከአባቴ ጋር ነው የዋለችው። እሳቸው ደግሞ አያዩም።»

«መርዙ ከሆነ የምናድንበት መርፌ የለኝም። የከሰል ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጥቂት በጥቂቱ አጠጫት፤ ያጥባታል። አንገቷን ቀና አድርገሽ ያዥ፣ አለበለዚያ ትታነቃለች። ውሃ ውስጥ ብቻዋን እንዳትተያት፤ አንገቷን ካላነሣች ትሰጥማለች። እስከ ነገ ጠዋት ለውጥ ካላሳየች…» አልጨረሰችውም። «ሥጋዋን ደግሞ እንዳትበሉ።»

ቤት ስደርስ አባቴ ከተውኳቸው ቦታ አልተነቃነቁም። የተባልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ትናንት የት እንደዋለች ስጠይቃቸው አሰቡ።

«ከታደሰ ቤት ጀርባ፣ ቦዩ ወደሚታጠፍበት ስንደርስ ቆመች። አልሄድ አለች። ብጠራት፣ ማሾ ባሳያት አልመጣም አለች፤ ቦዩ ውስጥ ስትፈተፍት ይሰማኛል። ደግሞ ይሸት ነበር። ውሃው ስለቆመ ነው ብዬ ተውኩት።»

ሮጥኩ። ውሃ የሌለበት የቦዩ መታጠፊያ ውስጥ የሞቱ ዶሮዎች ተጥለዋል። ትሉ ይርመሰመሳል። አፍንጫዬን በሻሼ ይዤ ቆምኩ። ያኔ ንዴቴ መጣ። ንዴቴን ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ሲመጣ በር አይከፍትም፣ ገንጥሎ ነው የሚገባው።

«ጋሼ ታደሰ! የሞቱ ዶሮዎችዎን ቦይ ውስጥ ጥለው፣ የእኛን ዳክዬ ግደሏት ይሉናል?»

ወጡ። ፊታቸው ተለወጠ። «ሙቀቱ ገደላቸው» አሉ። «ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲያለከልኩ ቆይተው ወደቁ። ጣልኳቸው።»

«ሐኪሟ ከዚያ የመጣ መርዝ ነው ብላለች።»

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እያሰቡ በዝግታ ደጃፋቸው ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ሙቀት ባይሆንስ?» አሉ። «እነሱንም የገደላቸው ፈንግል ቢሆንስ ዘይነባ? እንግዲያው እሷም የያዛት ያው ነው። የቀሩትም ያልቃሉ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ከአፌ የወጣው ወሬ ዞሮ አንገቴን ያዘኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ጋሼ ታደሰ ዶማቸውን አንሥተው ወደ ግቢያችን ሲራመዱ ከኋላቸው እየተከተልኩ እለምናለሁ፤ አይሰሙኝም። በሩ ላይ አባቴ ቆመዋል።

«ታደሰ» አሉ። «እስከ ነገ ጠዋት። አንገቷን ካላነሣች በገዛ እጄ እባርካታለሁ። አንተም ትቀብራታለህ። ቃሌ ነው።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ—»

«አውቃለሁ። እስከ ጠዋት ግን ቤት ውስጥ ዘግተን እንይዛታለን።»

ጋሼ ታደሰ ዶማቸውን ዝቅ አደረጉ። አባቴ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ለመያዝ መስሎኝ ነበር። ቢላውን ነው። ከስፌት መኪናው ስር አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ያን ሌሊት አልተርክላችሁም፤ ጥቁር ውሃ፣ ስሪንጅና ጸጥታ ነው። አባቴ ሙሽሪትን ጭናቸው ላይ አስተኝተው አንገቷን በመዳፋቸው ደግፈው ይዘዋል፤ እኔ ከመንቁሯ ጎን ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን ተፋችው። ቀጥሎ ዋጠች። አባቴ «ጉሮሮዋ ተንቀሳቀሰ» አሉኝ። ከዚያ በየጊዜው «ዋጠች፣ ቀጥይ» ይሉኛል፤ እቀጥላለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ በአንድ ነገር ላይ ተባብረን ስንሠራ የመጀመሪያችን ነበር። ግን አንገቷ አልተነሣም። የሱብሒ አዛን ሲሰማም አልተነሣም።

አባቴ ሰገዱ። ዱዓቸው ረዘመ። ሲጨርሱ ቢላውን ከትራሳቸው ስር አወጡ።

«እዚህ አላደርገውም» አሉ። «ደሟ ከሰው ዶሮ አጠገብ አይፍሰስ። ቦዩ ማዶ እንውሰዳት።»

«አባዬ፣ ሐኪሟ እኮ ሥጋዋ አይበላም ብላለች። ምን ያደርግልናል?»

«ለሥጋዋ መሰለሽ? እንዲህ እያየችኝ ስትሰቃይ መተው ወንጀል ነው። እንኳን ዓይኗ፣ ትንፋሿ ይታወቀኛል።»

ሙሽሪትን ከሳፋው አወጣሁ። አንድ እጄን ከሆዷ ስር፣ አንዱን ከአንገቷ ስር አደረግኩ። ጋሼ ታደሰ ዶማቸውን ይዘው በራችን ላይ ደርሰዋል፤ ሌሊቱን አልተኙም፣ ዓይናቸው ቀልቷል። አባቴ ከዘራቸውን ያዙ፣ ቢላውን ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ላይ ስንደርስ ሦስታችንም ቆምን። አባቴ መንገዱን ማን ያሳያቸዋል? የእኔ ሁለት እጅ ሙሽሪትን ይዟል። ጋሼ ታደሰ ክንዳቸውን ሊይዙ ጠጋ ሲሉ አባቴ ከዘራቸውን በመሃል አደረጉ።

«ዘይኑ፣ ቀድመሽ ሂጂና አውሪ» አሉ።

«ምን ላውራ?»

«አንቺ ደግሞ ወሬ የሚጠፋሽ ከመቼ ወዲህ ነው?»

ወጣሁ።  ከዚያ «ድንጋይ አለ፣ በግራ በኩል» አልኩ። ከዘራው ድንጋዩን ነካው፤ እግራቸው አለፈው። «እዚህ ጋ ባጃጅ ቆሟል፣ ባለቤቱ ውስጥ ተኝቷል።» መጡ። «ይኸው የሽንኩርት ልጣጭ ደፍተውበታል፣ ያንሸራትታል።» መጡ። ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ያየሁት ሲያልቅብኝ የልቤን ተናገርኩ። ባሌ አፌን እንደጠላው፣ እሳቸውም ጠልተውኝ እንደሆነ ስፈራ እንደኖርኩ፣ ወደ ቤት የመጣሁት የምሄድበት ስላጣሁ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሙሽሪትን እንዳያርዱብኝ። ወደ ኋላ አላየሁም። የከዘራው ድምፅ አልተቋረጠም።

ቦዩ ጋ ስንደርስ ውሃ አለ። ጠረጋው አልቆ ሌሊት ለቀውታል፤ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ እየሮጠ። ጋሼ ታደሰ ማዶ ተሻግረው መቆፈር ጀመሩ። 

«ውሃ ትንካ» አልኳቸው አባቴን። «ዘመዷ ነው። ሳትሞት ትንካው።»

«አስነኪያት» አሉ። ቢላውን ግን አውጥተዋል።

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፣ አንገቷን እንደያዝኩ አስቀመጥኳት። ውሃው ተሸከማት። እግሯ ወደ ኋላ ተንሳፈፈ፣ አይንቀሳቀስም። ማዶ ቁፋሮው ቆመ፤ ጉድጓዱ አልቋል። በዚህ መሃል ጭቃው አንሸራተተኝ። ላለመውደቅ የቦዩን ጠርዝ ስይዝ የሙሽሪት አንገት ከእጄ አመለጠ። ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ ገባ።

ሐኪሟ የነገረችኝ በጆሮዬ ጮኸ። እጄን ወረወርኩ። ከመድረሴ በፊት ግን ውሃው ተፈናጠረ፣ ፊቴን መታኝ። ሙሽሪት ጭንቅላቷን ከውሃው በራሷ አውጥታ አራገፈች። አንገቷ ይንቀጠቀጣል፣ ያዘነብላል፣ ተመልሶ ይቃናል። አልወደቀም።

«ምንድን ነው?» አሉ አባቴ። «ምንድን ነው እሱ? ዘይኑ፣ ተናገሪ።»

እኔ አልመለስኩም፤ አለቅሳለሁ። የመለሰችላቸው እሷ ናት። ድምፅ ለማለት የማይበቃ፣ የታፈነ አንዲት ቋቅ።

አባቴ ቁጭ አሉ፣ ሣሩ ላይ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቢላውን አዙረው በእጀታው በኩል ዘረጉልኝ።

ጋሼ ታደሰ ማዶ ቆመው ለረዥም ጊዜ አዩን።  ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ መታጠፊያው ወረዱ፣ የሞቱትን ዶሮዎች እየጎተቱ አምጥተው ለሙሽሪት በቆፈሩት ጉድጓድ ቀበሯቸው። የቀሩት ዶሮዎቻቸው ለፋሲካ በሰላም ደረሱ። ሙቀቱ ነበር ገዳዩ።

ሙሽሪት በእግሯ እስክትራመድ ግን ብዙ ቆየች። እስከዚያ ድረስ ከፊት የምሄደው እኔ ሆንኩ። ዛሬ ድናለች፣ እንደ ድሮዋ ትጮኻለች፤ አባቴ አንዳንድ ቀን ከእሷ ጋር፣ አንዳንድ ቀን ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ጋሼ ታደሰ «ሁለት መብራት አላቸው» ይላሉ።

ወገኖቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ እጁን የማይሰጥ አባት ወይም እናት ካላችሁ ይህን የምነግራችሁ ለእናንተ ነው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ የተጣላሁት ፍቅር መያዝና መጎተት ብቻ ስለመሰለኝ ነው። አትጎትቷቸው። ቀድማችሁ ሂዱ፣ የምትገኙበትን አሰሟቸው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ አሳደጉኝ፤ እውነት ነው፣ አይገባም። ግን ዝም ያለ ሰው ከፊት ሆኖ ማንንም አያደርስም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ዕለት ከቦዩ ስንመለስ ሙሽሪትን ታቅፌ ከፊት ስሄድ ዕንባዬ አልቆም አለኝና ወሬዬን አቋረጥኩ። ጥቂት እንደተራመድኩ የከዘራው ድምፅ ከኋላዬ ጠፋ። ዞር ስል አባቴ መንገዱ መሃል ቆመዋል፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ዘይኑ» አሉኝ፣ «መብራትሽ ጠፋ።»